ያገለገለች ቀላል ስፖርት መኪና በ10 ሺህ ዶላር፦ ሚያታ፣ ኤፍአር-ኤስ ወይስ ኤምአር2?

ናቲ_አሌክሳንድርያ
ሰላም ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል ግን ሁሉንም ልንገራችሁና ቁርጡን ንገሩኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ አሌክሳንድርያ ነው፣ ቤት አንድ ራቭ ፎር አለን እሷን ባለቤቴ ናት የምትይዛት፣ እኔ የምነዳውን የድሮ ካምሪ ለወንድሜ ልሰጠው ነው። እና በቃ አንዴ እንኳን ለራሴ የምትሆን ትንሽዬ፣ ቀለል ያለች፣ ማንዋል ስፖርት መኪና ልያዝ ብዬ ወስኛለሁ። ባጀቴ 10 ሺህ ዶላር ነው፣ ታክሱም ታርጋውም መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ጥገናም ተደምሮ ማለቴ ነው፣ ከዛ ካለፈ ባለቤቴ ከመኪናዋ ጋር ነው የምታስወጣኝ። በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ስራ እሄድባታለሁ፣ ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ምናምን። ቁመቴ 1.88 ነው፣ የ4 አመት ልጅ አለኝ፣ የማቆማት መንገድ ላይ ነው። እስካሁን ያየሁት ማዝዳ ሚያታ፣ ሳዮን ኤፍአር-ኤስ እና ቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደርን ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ሙስታንግ እያለልህ አሻንጉሊት ምን ያደርግልሃል" እያለ ጨቀጨቀኝ። ምን ትላላችሁ?

ሚያታ_ብቻ
ሚያታ። ጨርሰናል፣ ክሩን ዝጉት ሃሃሃ

ቺኮ_ጂቲ
እኔ ደግሞ ከአክስትህ ልጅ ጋር ነኝ አልደብቅህም። የ2011 እና ከዛ ወዲህ ያለው ቪ6 ሙስታንግ 305 ፈረስ ጉልበት አለው፣ በዚህ ባጀት ማንዋሉን ታገኘዋለህ፣ የኋላ ወንበር አለው፣ ባውሌ አለው። ሚያታ 140 ምናምን ፈረስ ይዛ 395 አውራ ጎዳና ላይ ስትገባ ሚኒቫን ነው የሚቀድማት። ስፖርት መኪና ማለት መጀመሪያ መሄድ አለበት እኮ ጎበዝ።

ቤቲ_ሮክቪል
@ቺኮ_ጂቲ 395 ላይ ጠዋት ማን ነው የሚሄደው አቦ፣ ሁላችንም ቆመን ነው የምንውለው። ልጁ እኮ "ቀላል" ብሎ ነው የጠየቀው። ያ ሙስታንግ ወደ 3,450 ፓውንድ ይመዝናል፣ የኔ ሚያታ 2,500 አካባቢ ናት። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ፓውንድ ልዩነት ማለት ከአራት በላይ ትልልቅ ሰዎች ጭነህ ስትዞር ማለት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ያንተ ትቀድማለች፣ አልከራከርህም፣ ኩርባ ላይ ግን እንገናኝ።

ጋሽ_ጋራዥ
ናቲ ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ እዚህም ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አመት መኪና ስር ተኝቻለሁ፣ እስቲ አዛውንት ስማኝ።

መጀመሪያ ስለ ክብደት። በኛ ጊዜ ሴቼንቶ የምትባል ፊያት ነበረች፣ አሁን ላዳው ካለበት ታክሲ ላይ የነበረችው፣ 600 ኪሎ ገደማ ናት፣ ሞተሯ የልብስ ስፌት መኪና የሚያህል፣ ግን ማሪዮ ካርት አይደል ልጆች የምትሉት፣ እንደዛ ነበር የምትታጠፈው። መኪና ቀላል ከሆነ ሁሉ ነገር ይረክሳል። ፍሬን ሸራ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ጎማ ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ነው፣ ፍሪሲዮን ይቆያል፣ ቤንዚን አትበላም። ከባድ መኪና በርካሽ ስትገዛ ያተረፍክ ይመስልሃል፣ ከዛ አራት ጎማና አራት ዲስክ ስትቀይር ታየዋለህ።

ሁለተኛ 10 ሺህ ካለህ የ10 ሺህ መኪና አትፈልግ። የ8 ሺህ፣ ግፋ ቢል የ8,500 ፈልግ። የቨርጂኒያ ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። ያገለገለች ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ወር ላይ የሚያወጣው አለ፤ ጎማ፣ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የዲፈረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ባትሪ። ሻጩ "ሁሉም ተቀይሯል" ቢልህም ደረሰኝ ካላሳየህ አልተቀየረም።

ሶስተኛ፣ ዝገት። እዚህ አገር ክረምት ላይ ጨው መንገድ ላይ ይበትናሉ፣ ሞተር የሚገድለው ኪሎሜትር ነው ላሜራ የሚገድለው ግን ጨው ነው፣ ሞተር ደግሞ ይቀየራል። ከሰሜን የመጣ መኪና እና ከካሮላይና የመጣ መኪና አንድ አመተ ምህረት ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ቁመትህ ደግሞ ነገር ነው፣ የመጀመሪያዋ ሚያታ ውስጥ 1.88 ሆነህ ከገባህ የምታየው የመስታወቱን ጠርዝ ነው።

ናቲ_አሌክሳንድርያ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እንዲህ ሲጽፉ ዩቲዩብ ላይ ያቃጠልኩት ሌሊት ሁሉ ቆጨኝ። እንግዲህ 8,500 ነው ባጀቴ ማለት ነው። ግን የሚያታ ትውልዶቹ ኤንኤ ኤንቢ ኤንሲ እያሉ ያደናግሩኛል፣ አንድ ሰው በአማርኛ ቢያስረዳኝ።

ሚያታ_ብቻ
እሺ አሁን ከቀልድ ወጥቼ።

ኤንኤ የመጀመሪያዋ ናት፣ ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ በ1989 የወጣችው፣ መብራቷ ብድግ የሚለው። መጀመሪያ 1.6 ሊትር በ116 ፈረስ፣ ከ1994 ጀምሮ 1.8። ቀላልነት ከፈለግክ ከሷ በላይ የለም፣ አንድ ቶን አካባቢ ናት። የ1990 እና የ91 መጀመሪያ ላይ የተሰሩት ግን የክራንክ አፍንጫቸው አጭር ነው ይባላል፣ ፑሊው ከላላ ክራንኩን ራሱ ይበላዋል፣ ስለዚህ እነሱን ተጠንቀቅ። አሁን ደግሞ ሰብሳቢዎች ስለገቡበት ጥሩዋ በዚህ ባጀት አትገኝም፣ የምትገኘው መጥፎዋ ናት።

ኤንቢ ከ1999 እስከ 2005 ናት። መብራቷ ቋሚ ሆነ፣ የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ መሆኑ ቀርቶ መስታወት ሆነ፣ 140 ፈረስ አካባቢ። በዋጋ ከሁሉም የምትሻለው እሷ ናት። ሁለት ነገር እያት፤ የጊዜ ቀበቶውን፣ ማለትም የታይሚንግ ቺንጋውን፣ በየ60 ሺህ ማይል ይቀየራል፣ እና ደግሞ ፊት ለፊት ስር ያለውን ሻንሲ፣ እዛ ውስጥ ውሃ ይገባና ከውስጥ ነው የሚዝገው፣ ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ታየዋለህ ስታንኳኳው ግን ድምጹ ይለያል።

ኤንሲ ከ2006 እስከ 2015። 2.0 ሊትር ሞተር፣ 170 ፈረስ አካባቢ፣ ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው ያላት፣ ውስጧ ሰፋ ያለ ነው። ሰው "ወፈረች" እያለ ስላማት ዋጋዋ ወርዷል፣ እሱ ነው ላንተ የሚጠቅምህ። ከሌሎቹ ሁሉ ለረጅም ሰው የምትመቸው እሷ ናት።

ኤንዲ ከ2016 ወዲህ ያለችው ናት፣ ሰርተው ሰርተው ክብደቷን መልሰው ወደ 2,330 ፓውንድ አወረዱት፣ ግን በ10 ሺህ የምታገኛት ወይ የተጋጨች ናት ወይ ማጭበርበር ነው። የመጀመሪያዎቹ አመታት ካምቢዮም ስሙ ጥሩ አይደለም። መሪዋ ወደ ፊት ወደ ኋላ መሳብ የጀመረውም ከ2019 ነው፣ ላንተ ለረጅሙ የጉልበት ማስገቢያ ቦታ ማለት ነው።

ሰማንያ_ስድስት
ሚያታዎች ጨረሳችሁ? ናቲ፣ ልጅ አለህ ብለሃል፣ ሁለት ወንበር መኪና ይዘህ ልጁን የት ልታስቀምጠው ነው? ኤፍአር-ኤስ፣ ወይም ወንድሙን ሱባሩ ቢአርዚን እይ። ከ2013 ሞዴል ጀምሮ፣ 200 ፈረስ፣ 2,760 ፓውንድ፣ የኋላ ወንበር አለው፣ ወንበሩን ስታጥፈው አራት ጎማ ይገባል፣ ጣራው ብረት ነው ስለዚህ መንገድ ላይ ስታቆመው ማንም ቢላዋ አይሰካበትም። ፋብሪካ ላይ የሚገጠምለት ሚሽሊን ጎማ የፕሪየስ ጎማ ነው እያሉ ይቀልዱበታል፣ ዲሲ ውስጥ ያለው ዘመድ ሁሉ ጎማውን ያውቀዋል ማለት ነው ሃሃ። ሆን ብለው ነው ያደረጉት፣ ብዙ እንዳይቆነጥጥና ቀስ ብለህ እየነዳህ እንድትጫወት።

በሐቀኝነት ደግሞ ልንገርህ፣ የ2013ዎቹ ላይ በ2018 መጨረሻ የወጣ ሪኮል አለ፣ ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል ማለት ነው፣ የቫልቭ ስፕሪንግ ነው። ስራው ሞተር የሚያስወርድ ስለሆነ ቀላል አይደለም፣ ከተሰራላቸው በኋላም የፈሰሰ ሲሊኮን የዘይት መንገድ ዘግቶ ሞተር የጠፋባቸው ሰዎች እንዳሉ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ ሻንሲ ቁጥሩን የኤንኤችቲኤስኤ (የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ አስገብተህ ሪኮሉ ተሰርቷል ወይስ አልተሰራም የሚለውን እይ፣ ከተሰራ በኋላ ስንት ማይል እንደሄደም ጠይቅ። ከተሰራ በኋላ 30 ወይ 40 ሺህ ማይል በሰላም ከሄደ ጥሩ ነው። የ2015 ካገኘህ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይመለከትህም።

ቤቲ_ሮክቪል
ስለ ኋላ ወንበሩ ግን እውነቱን እንነጋገር። እሱ 1.88 ነው። እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ከኋላው እግር የሚባል ነገር አይገባም፣ የልጅ ወንበር በተሳፋሪው በኩል ብቻ ነው የሚገባው፣ እሱም ባለቤቱ ፊት ለፊት ጉልበቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ከተቀመጠች። ልጁን በሁለት በር መኪና ጎንበስ ብለህ ስታስገባ ስታስወጣ ወገብህ ነው የሚሄደው። ህጻን ልጅ ከኋላ ነው መቀመጥ ያለበት፣ እስከ 12 አመት ድረስ እንደዛ ነው የሚመክሩት፣ ስለዚህ ልጁ በራቭ ፎር ይሂድ፣ ናቲ ብቻውን ይሂድ። ለዛ አይደል እንዴ ሰው ስፖርት መኪና የሚገዛው?

ናቲ_አሌክሳንድርያ
ቤቲ ይሄን ባለቤቴ እንዳታየው ሃሃሃ። ግን ትክክል ነሽ፣ የኋላ ወንበሩን ለህሊናዬ ነበር የፈለግኩት።

ኡበር_ማታ
ወንድሜ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በሷ ኡበር ይሰራል?

ሰማንያ_ስድስት
@ኡበር_ማታ አራት በር ነው የሚጠይቁት አለቃ። ዛሬ እንኳን እረፍት ውሰድ።

መሀል_ሞተር
ኤምአር2ን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። ከ2000 እስከ 2005 ነው አሜሪካ የተሸጠው፣ 2,200 ፓውንድ አካባቢ፣ ሞተሩ ከወንበርህ ጀርባ ነው፣ እሱም 1ዜድዜድ ነው፣ በዛ ጊዜ ኮሮላ ላይ የነበረው ራሱ ሞተር፣ 138 ፈረስ። ስለዚህ መለዋወጫ የትም አለ፣ የትኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ስትነዳው ፊቱ ባዶ ስለሆነ መሪው በጣት ነው የሚሄደው፣ የሚያታ ሰዎች ይሄን ስሜት አያውቁትም። ፌራሪ መግዛት ለማይችል ሰው የተሰራ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ማወቅ ያለብህ ግን አለ። የ2000 እስከ 2002 ዎቹ ላይ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ውስጥ ጭሱን የሚያጣሩ ትንንሽ ካታላይዘሮች አሉ፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር እነሱ ይፈርሳሉ፣ ዱቄቱ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይፍቀዋል፣ ከዛ ሞተሩ ሞተ። ብዙ ሰው አስቀድሞ ማኒፎልዱን ቀይሮታል፣ ያንን ነው የምትፈልገው። ካልተቀየረ ደግሞ የላይኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈተህ በባትሪ መብራት ማየት ይቻላል፣ ውስጡ የንብ ሰፈፍ መስሎ ከታየህ አለ ማለት ነው፣ ባዶ ቀዳዳ ካየህ ሩጥ። ሌላው፣ እቃ ማስቀመጫ የለውም። ከወንበሮቹ ጀርባ ሁለት ሳጥን አለ፣ እንጀራ እንኳን አጥፈህ ነው የምታስገባው።

ጋሽ_ጋራዥ
የመሀል ሞተር ልጅ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ አንድ ልጨምር። መኪናዋ ባለ ኋላ ክብደት ስለሆነች ዝናብ ላይ ኩርባ ውስጥ ገብተህ ደንግጠህ ቤንዚኑን በአንዴ ከለቀቅክ ቂጧ ይቀድምሃል። ለመጀመሪያ ስፖርት መኪና አልመክርም። ጎማ የሚገዛ ብር የጎደለው ሰው ደግሞ በፍጹም። የጠዋት ጢስ ለማየት ሻጩን "ሳታስነሳ ቆይ እኔ ስመጣ እናስነሳዋለን" በለው፣ ደርሰህ ኮፈኑን ስትነካው ሞተሩ ሞቆ ካገኘኸው አንድ ነገር ሊደብቅህ ፈልጎ ነው። ይሄ ለሁሉም መኪና ነው።

ሎንደን_ሰፈር
ከዚህ ከሎንደን። ምቀኝነት ያዘኝ፣ እዚህ የኤንሲ ዋጋ ከናንተ በጣም ይረክሳል ግን ዝገቱ ይጨርሳታል፣ የኋላ ጎማው ፊት ያለው ላሜራ ሁሉም ላይ ተበልቷል። የኛ አንድ ጥቅም የኤምኦቲ፣ ማለትም የአመታዊ ምርመራ፣ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ በታርጋ ብቻ በነጻ ይታያል፣ በየአመቱ ምን ተባለ፣ ስንት ማይል ነበር፣ ዝገት ተብሎ ስንት ጊዜ ተጽፏል። ሻጩ "አንድም ዝገት የላትም" ሲልህ በስልክ ታሳየዋለህ። እዚህ ላለ ሰው ደግሞ የዩሌዝ፣ ማለትም ጭሳቸው የበዛ መኪናዎች የሚከፍሉት፣ ነገር አለ፣ የድሮዋ መኪና ካላለፈች በቀን 12.50 ፓውንድ ነው፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ከተማው ሙሉ ውስጥ ሆኗል፣ ኤንቢ አንዳንዷ ታልፋለች አንዳንዷ አታልፍም፣ ታርጋውን አስገብቶ ማየት ነው። ኤምጂኤፍ የሚባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትነኩት ብቻ፣ ኬ ሲሪስ ሞተሩ የቴስታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ ያንን ያላየ መካኒክ እዚህ የለም።

ከቦሌ_24
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ይሄንን ሚያታ የሚባለውን ሰው ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ይቻላል እንዴ? ስንት ይፈጃል?

ጋሽ_ጋራዥ
ልጄ፣ በኛ አቆጣጠር ከ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ጀምሮ ያገለገለ መኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበት ሆኖ ነበር፣ ከዛ በኛው በ2016 ጥር ላይ መንግስት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ብሎ ከለከለ። ስለዚህ ወይ ድሮ የገባ ካለ መፈለግ ነው ወይ በኤሌክትሪክ መጽናናት ነው። ብትገባም ደግሞ የሰፈርህን ፍሬን ሰባሪ እንዴት ልታሻግራት ነው፣ ሆዷ መሬት ነው እኮ።

ከቦሌ_24
እሺ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እንግዲህ እዚህ ሆኜ እናንተን አነባለሁ።

ናቲ_አሌክሳንድርያ
ቤተሰብ ሶስት ማስታወቂያ ይዤ መጣሁ፣ እየተከራከራችሁ ምረጡልኝ።

አንደኛ፣ የ2001 ኤንቢ፣ 112 ሺህ ማይል፣ 5,500 ዶላር፣ ፔንስልቬንያ። "ትንሽ ዝገት አለው፣ በጣም ይሄዳል" ይላል።

ሁለተኛ፣ የ2013 ኤፍአር-ኤስ፣ 121 ሺህ ማይል፣ 9,800፣ ዉድብሪጅ። ዝቅ ተደርጓል፣ ቸርኬው ተቀይሯል፣ ማርሚታው ተቀይሯል፣ "ቱን ተደርጓል (የሞተሩ ኮምፒውተር ተስተካክሏል)፣ የሰራሁበትን ብር አውቃለሁ፣ ዋጋ አታውርዱብኝ" ይላል።

ሶስተኛ፣ የ2010 ኤንሲ፣ የሚታጠፍ ብረት ጣራ ያላት፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል፣ 88 ሺህ ማይል፣ 9,400፣ ሪችመንድ። ሁለተኛ ባለቤት ናቸው፣ ሰሜን ካሮላይና ነው የኖረችው፣ ደረሰኝ አለኝ ይላሉ፣ ሽማግሌ ነገር ናቸው።

ሚያታ_ብቻ
ሶስተኛዋ!!! አሁኑኑ ሪችመንድ ሂድ፣ እኔም አብሬህ ልምጣ። ከ2009 ጀምሮ ሞተሩን አጠናክረውታል፣ ክራንኩ ተቀጥቅጦ የተሰራ ብረት ሆነ፣ የማንዋሉ ቀይ መስመር (የሞተሩ ከፍተኛ ዙር) ወደ 7,200 ወጣ። ብረት ጣራው 37 ኪሎ ብቻ ነው የሚጨምረው፣ በ12 ሰከንድ ይታጠፋል፣ ባውሌውን አይነካም። መንገድ ላይ ለሚያቆም ሰው ደግሞ ከሸራ ጋር አይወዳደርም።

ሰማንያ_ስድስት
የኤፍአር-ኤስ ሰው ነኝ ግን ሁለተኛውን አትንካው። "የሰራሁበትን ብር አውቃለሁ" የሚል ሰው መኪና አይደለም የሚሸጥልህ ቁጭቱን ነው። ማርሚታው ተቀይሯል ሲል ካታላይዘሩም ወልቆ ሊሆን ይችላል፣ እና እኛ እዚህ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኢሚሽን፣ ማለትም የጭስ፣ ምርመራ በየሁለት አመቱ አለብን፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ አታልፍም። ከሪኮል በኋላ ያለው ታሪክም አልተጻፈም። ያልተነካካ ኤፍአር-ኤስ ቢሆን ለሚያታዎች አሳልፌ አልሰጥህም ነበር።

ቺኮ_ጂቲ
የመጀመሪያዋ 5,500 ናት እኮ፣ 3 ሺህ ተርፎህ ታስተካክላታለህ፣ ምን ችግር አለው?

ጋሽ_ጋራዥ
ቺኮ፣ ማስታወቂያ ላይ "ትንሽ ዝገት" ብሎ የጻፈ ሰው በአይን የማይደበቀውን ነው የጻፈው። የፔንስልቬንያ ጨው ከበሩ ስር ገብቶ ከሆነ ቆርጦ ላሜራ መበየድ ነው፣ እሱም እዚህ አገር በሰአት ነው የሚከፈለው፣ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም የቀባልህ ደግሞ በሁለተኛው ክረምት ያብጣል። ራሱ ብየዳ የሚችል ልጅ ይውሰዳት፣ ናቲ መንገድ ላይ ነው የሚያቆመው፣ የት ሆኖ ይበይዳል?

ሶስተኛዋን ሂድና እይ። ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ዘይቱን መጀመሪያ ለካ፣ ኤንሲ ዘይቷ ጎድሎ ረጅም ጊዜ ስትነዳ ሞተሯ ነው የሚጎዳው፣ መለኪያው ላይ ዘይት ከሌለ ሰውየው ጥሩ ሰው ቢሆኑም መኪናዋን አልተንከባከቧትም። ቀዝቃዛ ሳለች አስነሳት። ሁለተኛ ማርሽ ቀዝቃዛ እያለ ሲገባ የሚያጉረመርም ከሆነ ሲንክሮው፣ ማርሽ ሲገባ የሚያለሰልሰው ቀለበት፣ ነው። ጣራውን አምስት ስድስቴ አጥፋ ዘርጋ፣ የሚጮህ ነገር ስማ፣ ምንጣፉን ከወንበሩ ጀርባ ገልብጠህ እርጥበት ዳስስ፣ ጣራው ውሃ የሚያወርድባቸው ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ውሃው ገብቶ እዛ ነው የሚተኛው። ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ላሜራ በአውራ ጣትህ ጫን። ጎማዎቹ አራቱም አንድ አይነት ከሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፣ አራት አይነት ጎማ የሚገጥም ሰው ዘይትም እንደዛ ነው የሚቀይረው። ከዛ እዛው ሪችመንድ ለሻጩ ዘመድ ያልሆነ ጋራዥ ውሰድና በሊፍት አስነሳት፣ ለዛ የምትከፍለው ገንዘብ አያሳስብህ።

ዋጋውን ደግሞ ሳታያት አትደራደር። ካየህ በኋላ ባገኘኸው ነገር ላይ ተደራደር።

ቤቲ_ሮክቪል
የኔም የ2010 ጣራ ብረት ናት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ከመሬት ከፍ ብላ ነው የምትታየው፣ ጎማና ጭቃ መከላከያው መካከል እጅህ ይገባል፣ ሰው ቶሎ ብሎ ዝቅ ሊያደርጋት ይቸኩላል፣ አትቸኩል፣ ለዲሲ ጉድጓድ እንደዛው ነው የምትሻለው። መጀመሪያ ጎማ ቀይር፣ 205/45 በ17 ነው፣ ልዩነቱን እዛው ታየዋለህ። ሞተሩ ደግሞ ዱራቴክ ከሚባለው የፎርድ ሞተር ጋር ዘመዳም ስለሆነ አንድ ቀን ቢሞት እንኳን የፎርድ ፉዥን 2.5 ሊትር ሞተር ከወደቀ መኪና አውጥተው ነው የሚገጥሙላት፣ ፈረሱም ይጨምራል፣ የሚያታ ሰዎች ሞተሩ እንዲሞት ሲጸልዩ አይቻለሁ።

ናቲ_አሌክሳንድርያ
ሄጄ መጣሁ!! ሚያታ_ብቻ አብሮኝ ሄዷል፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሚያታ አወራ፣ ጆሮዬ ደክሟል ግን ብርክት በል።

ሽማግሌው ጡረተኛ ናቸው፣ ደረሰኞቹን በፋይል አስረው ጠበቁኝ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጭንቅላቴ ጣራውን አይነካም፣ ጉልበቴ መሪውን ትንሽ ይነካል ግን ወንበሩን ሳስተካክል ተስማማን። ዘይቱ ሙሉ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ቀዝቃዛ ሳለ ትንሽ ተቃወመ፣ ከሞቀ በኋላ እንደ ቅቤ። ላሜራው ጠንካራ ነው። በሊፍት ስትነሳ መካኒኩ ያገኘው የፊት አሞርዛተር አንዱ ዘይት ማላብ ጀምሯል፣ የኋላ ፍሬን ሸራ ሊያልቅ ነው፣ ጎማዎቹ ደግሞ ጥርስ አላቸው ግን ያረጁ ናቸው፣ ቀኑ ላይ እንደሚለው ከ8 አመት በላይ ሆኗቸዋል። ሌላ ምንም። ዝርዝሩን ይዤ ሰውየው ጋ ተመለስኩና ጋሽ እንዳሉት ባገኘሁት ነገር ላይ ብቻ ተደራደርኩ፣ በ8,600 ተስማማን። ሽያጭ ታክሱ ወደ 357 ይመጣል። ጎማ፣ ሁለት አሞርዛተርና የኋላ ፍሬን ሲጨመር ባጀቴ ውስጥ ነኝ፣ በጠባቡ ግን ውስጥ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ መጥቶ አያት፣ "ትንሽ ናት" አለ፣ ከዛ ቁልፉን ጠየቀኝ፣ ከሰአት ሙሉ አልመለሰም።

ቺኮ_ጂቲ
እንኳን ደስ ያለህ። ሙስታንግ ናፍቆህ ስትደውልልኝ አነሳለሁ።

ጋሽ_ጋራዥ
መልካም ናት ልጄ። አሞርዛተሩን ሁለቱንም የፊቱን አብረህ ቀይር፣ አንዱን ብቻ እንዳትቀይር። የካምቢዮውንም የዲፈረንሻሉንም ዘይት አውጣው፣ ያ የሁለተኛ ማርሽ ነገር በዘይት ብቻ ሊለሰልስ ይችላል። ሞተሩ ላይ መጽሐፉ የሚለውን 5ደብልዩ-20 ዘይት አድርግ፣ ቤንዚን ሁለቴ በሞላህ ቁጥር አንዴ ዘይት ለካ። የጣራ ውሃ ቀዳዳዎቹን ከክረምቱ በፊት አጽዳ፣ በሽቦ እንዳትወጋቸው ግን ቱቦው ይቀደዳል፣ የሳር መቁረጫ ፕላስቲክ ክር ነው የሚሆነው። ጎማ ከመግዛትህ በፊት ደውልልኝ፣ ዋጋ የሚያወጣልኝ ልጅ አለ።

ናቲ_አሌክሳንድርያ
ጋሼ ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ በርቱልኝ።

ብየዳ_ላውረል
ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ያቺ የፔንስልቬንያ 5,500ዋ ኤንቢ አሁንም አለች? ብየዳ እችላለሁ፣ ጋራዥም አለኝ። ሊንኩን የያዘ ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ።